ጭራቁ ሲመጣ ተጫዋቾቼ አይፈሩም፤ ምን ላድርግ?

ከጦሳ ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ከአራት ጓደኞቼ ጋር በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በጋራ ታሪክ የሚፈጥርበት፣ ውጤቱም በዳይስ የሚወሰንበት ጨዋታ ነው። ታሪኩን እየተረክሁ፣ ጭራቆቹንም እያመጣሁ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። የምንጠቀመው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን አምስተኛውን እትም ሲሆን፣ የጀመርነው ዘመቻ፣ ማለትም ከሳምንት ሳምንት የሚቀጥለው ታሪክ፣ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ጨዋታው ደርቶልናል፣ ተጫዋቾቼም አይቀሩም፤ የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ካመጣኋቸው ጭራቆች መካከል አንዱም ማንንም አስፈርቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ የሆነውን ልንገራችሁ። ከድልድይ ሥር የሚኖር ትሮል የተባለ ግዙፍ ጭራቅ ለሁለት ሳምንት ያህል ሳዘጋጅ ቆይቼ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቁመቱን፣ የክንዱን ርዝመት፣ የቆዳውን አረንጓዴነትና የአፉን ጠረን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ አነበብኩላቸው። አንብቤ ሳልጨርስ አንደኛው ቆሎውን እየቆረጠመ «ትሮል ነው፤ እሳት አዘጋጁ» አለ። ሁለተኛው የዘይት ጠርሙሶቹን ቆጠረ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ የትጥቁ ቁጥር (ለመምታት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካው) ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የጨዋታውን የጭራቆች መጽሐፍ በቃላቸው ያውቁታል፤ ትሮል 84 የሕይወት ነጥብ እንዳለው፣ እሳት ወይም አሲድ ካልነካውም በየተራው 10 ነጥብ እንደሚያገግም ከእኔ በላይ ያስታውሳሉ። ውጊያው በሦስት ዙር አለቀ። ከዚያ ቀደም የሌላ ጭራቅ የሕይወት ነጥብ በእጥፍ አሳድጌ ሞክሬ ነበር፤ ያተረፍኩት ግን ውጊያው መርዘሙንና አንዱ ተጫዋች መሐል ላይ ስልኩን ማየት መጀመሩን ብቻ ነው።

ገጸ ባሕርያቸውን በየሳምንቱ መግደል አልፈልግም። ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው፣ ሴት አያቴ ስለ ጭራቅ ታወራልን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሽንት እንኳ ብቻዬን ወደ ጓሮ መውጣት አልደፍርም ነበር። እርሷ መጽሐፍ አልነበራትም፣ ሥዕል አላሳየችንም፣ ቁጥርም አልጠራችልንም። ያንን ፍርሃት ጥቂት እንኳ ወደ ጠረጴዛዬ ማምጣት የሚቻልበትን መንገድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


የቦርከና ልጅ፦

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ ሰላም ብዬሃለሁ። መልሱ ራስህ በጻፍከው የመጨረሻ አንቀጽ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አያትህ ጭራቁን አላሳየችህም፤ አንተ ግን ለተጫዋቾችህ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጸጉሩ አሳየሃቸው። ሙሉ በሙሉ የታየ ነገር የቱንም ያህል አስቀያሚ ቢሆን ልክ አለው፤ ልክ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው ወዲያው መለካት ይጀምራል። ያቺ ተጫዋችህ የትጥቁን ቁጥር የጠየቀችህ ስለደፈረችህ ሳይሆን፣ ለመለካት የሚመች ነገር ስላቀረብክላት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጨዋታ ሳይሆን ከመንገድ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር አመሻሽ ላይ፣ በሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድን ሐረጎ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ይዞ «ፊት ለፊት የቆመ ነገር አለ» አለ። ረዳቱ የስልኩን መብራት አብርቶ ወረደ። ጫማው ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማናል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ራቀ፤ ከዚያ ድምፁ ቆመ። ሾፌሩ በስሙ ጠራው፤ መልስ የለም። ደግሞ ጠራው፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጣታቸው መቁጠሪያው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ረዳቱ ተመለሰና «አህያ ናት» አለ፤ መልስ ያልሰጠው ከመንገድ ሊያስወጣት እየገፋት ስለነበር ነው። አሥራ ምናምን ሰው በአንዲት አህያ እንዲያ መፍራቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ያስፈራን ምን እንደነበር ቆይቼ ሳስብ፣ የእግሩ ድምፅ መቆሙና ያንን መንገድ ቀንና ሌሊት የሚመላለሰው ሾፌር ድምፅ መቅጠኑ መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ በጨዋታ ውስጥ ጭራቁ ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ ሊፈራ የማይገባው ሰው ሲፈራ ተጫዋቾችህ ይዩ። በየሌሊቱ ከብት የሚጠብቀው ጎልማሳ በጠራራ ፀሐይ በሩን ቀርቅሮ ቢያገኙት፣ ወይም አውሬ ተናክሶ የሚያውቅ ውሻ ከድልድዩ በፊት ተኝቶ አልነሣም ቢል፣ ከአንድ ገጽ ንባብ ይበልጣል።

ዱካም አለልህ። በአካባቢያችን ያደገ ሁሉ የጅብ እዳሪ ሲደርቅ ነጭ እንደሚሆን ያውቃል፤ አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ ካልሲየሙ ነው የሚያነጣው። እረኛ ያንን ነጭ ነገር ከበረቱ ደጃፍ ሲያገኘው ጅቡን ማየት አያስፈልገውም፤ ምን እንደመጣ፣ እስከ የት እንደተጠጋና ምን መሰባበር እንደሚችል በአንድ ጊዜ ይገባዋል። ለጭራቅህ እንዲህ ያለ፣ ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚናገር ምልክት ፈልግለት።

ተጫዋቾችህ መጽሐፉን ማወቃቸውንም እንደ ጠላት አትየው። ያንኑ ትሮል ልውሰድ። ስሙን አትጥራ። ወንዙ ዳር አንድ የተቆረጠ እጅ ያግኙ፤ የመንደሩ ሰው «ትናንት የቆረጥነው ነው፤ ትናንት ግን ጣቱ ሦስት ነበር» ይበላቸው። እዚህ ላይ የመጽሐፉ እውቀት ራሱ ይሠራልሃል፤ ምን እያደገ እንደሆነ ያውቃሉና። እሳት መድኃኒቱ መሆኑንም ያውቃሉ፤ እንግዲያስ ሐምሌ ይሁን፣ ለሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ይዝነብ፣ እንጨቱ ርሶ ይጭስ፣ የቀራቸው ዘይትም አንድ ጠርሙስ ብቻ ይሁን። መድኃኒቱን እያወቀ መድኃኒቱ በእጁ የሌለ ሰው፣ ምንም ከማያውቀው ይልቅ ይፈራል።


ባለ ሃያ ገጽ፦

ከላይ የተጻፈውን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ግማሹን ጉዳይ ብቻ የሚፈታ ይመስለኛል። ዱካውም ጉሙም ተጫዋቹን እስከ ጭራቁ ደጃፍ ያደርሱታል። እዚያ ሲደርስ የሚያጣው ነገር እንደሌለ ካወቀ ግን ፍርሃቱ እዚያው ይሟሟል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጉሙን ስታወራለት ይስቃል።

በምትጠቀሙበት እትም ሕግ መሠረት አንድ ገጸ ባሕርይ የቱንም ያህል ቢቆስል ስምንት ሰዓት ካረፈ የሕይወት ነጥቡ ሁሉ ይመለስለታል። ጭራቁ ከሕይወት ነጥብ በስተቀር ምንም የማይወስድ ከሆነ፣ የወሰደውን ሁሉ እንቅልፍ ይመልሰዋል ማለት ነው። በሕጉ ውስጥ የተቀመጠው የፍርሃት ሁኔታም ብዙ አይረዳህም። የፈራው ገጸ ባሕርይ የሚያስፈራው ነገር እስከታየው ድረስ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል፣ ወደዚያ ነገርም በፈቃዱ አይጠጋም። ይህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ያሰናክለዋል እንጂ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው አያስፈራውም፤ እንዲያውም «ተራዬ ተበላሸ» ብሎ ይበሳጭበታል።

ከዚያው መጽሐፍ ውስጥ ብረት የሚያዝገውን አውሬ ተመልከት። የሕይወት ነጥቡ 27 ብቻ ነው፤ ነገር ግን እርሱን የመታ አስማት የሌለበት የብረት መሣሪያ ከሚያደርሰው ጉዳት ላይ በየምቱ አንድ አንድ ቁጥር ለዘለቄታው እየቀነሰ ሄዶ አምስት ሲሞላ ይጠፋል። አንድ ተጫዋች ከጀመረ አንሥቶ የያዘውንና ስም ያወጣለትን ሰይፍ ከዚህ አውሬ ፊት ወደ ኋላ ሲደብቅ አይቻለሁ፤ ያው ሰው ከዘንዶ ፊት አፈግፍጎ አያውቅም። እንቅልፍ የማይመልሰው ነገር ምን እንደሆነ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ወረቀት ላይ ፈልግ፤ የአንዱ ሰይፍ ነው፣ የሌላዋ ያሳደገችው በቅሎ፣ የሌላው ደግሞ በአንድ መንደር ያተረፈው መልካም ስም።

ይህን ስል ግን ወሰን አለው። በ1974 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው እትም አንዳንድ ሙታን ጭራቆች ሲነኩ የተጫዋቹን ደረጃ ይቀንሱ ነበር። ተጫዋቾች በእርግጥ ይሸሿቸው ነበር፤ ነገር ግን የብዙ እሑዶችን ድካም በአንድ ንክኪ መውሰድ ከፍርሃት ይልቅ ንዴትን ይወልዳል፤ ንዴት ደግሞ ጠረጴዛውን ይበትናል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለው የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ በሌላ መንገድ ሄዷል። በእርሱ ውስጥ አስፈሪውን ነገር ማየት ራሱ የአእምሮ ጤና ነጥብን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ «ዘወር ብዬ አየዋለሁ» ከማለቱ በፊት ያስባል። ድሬድ የተባለው ጨዋታ ጭራሹን ዳይስ የለውም፤ ከባድ ነገር ለማድረግ የፈለገ ሰው ትንንሽ እንጨቶች ተደራርበው ከሚሠሩት ከጄንጋ ማማ ላይ አንድ እንጨት ይመዛል፤ ማማው በእጁ ከወደቀ ገጸ ባሕርይው ከታሪኩ ይወጣል። እዚያ ፍርሃቱ ከትረካው ሳይሆን ከጣቶቹ ይጀምራል።

ለነገ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ገጸ ባሕርይ ወድቆ በሞትና በሕይወት መካከል ሲሆን የሚጣለውን ዳይስ አንተ በድብቅ ጣለው። ሦስት ጊዜ ካልተሳካለት እንደሚሞት ሁሉም ያውቃሉ፤ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ ግን አያውቁም። ከዚያ ወዲህ «ገና አንድ ዙር አለው» ብሎ ጓደኛውን መሬት ላይ የሚተው አይኖርም።


የቦርከና ልጅ፦

ስለ ሰይፉና ስለ በቅሎዋ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ የዘለልኩት ነገር ነበር። በድብቅ ስለሚጣለው ዳይስ ግን አልስማማም። ተጫዋቾቹ ጨዋታ መሪው ያዳነኝ ወይም የገደለኝ እርሱ ነው ብለው መጠርጠር ከጀመሩ ጭራቁን ትተው መሪውን ማየት ይጀምራሉ። ለእኔ ዳይሱ በጠረጴዛው መሐል፣ በሁሉም ዓይን ፊት ሲንከባለል ይበልጥ ያስፈራል።


ጡረተኛዋ መምህር፦

ልጆቼ፣ ልጄ ይህን ጨዋታ ቤቴ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት እያየሁ ነው የለመድኩት፤ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ያስተማርኩ በመሆኔም ስለ ተረቱ በኩል ጥቂት ለማለት ደፈርኩ።

አንደኛ፣ አያትህ ያስፈራችህ ጭራቁን በመደበቋ ብቻ አይደለም። የእኛ ተረት ጭራቅ ጠባይ አለው፤ ያናግራል፣ ይለማመጣል፣ ሥርዓት የሚያውቅ ይመስላል። ሮጦ የሚመጣ አውሬ ቢመጣ ወይ ትሸሻለህ ወይ ትመታዋለህ፤ በትሕትና ለሚለምንህ ነገር ግን ምን እንደምታደርግ ግራ ይገባሃል። በአገራችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት፣ የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ካለ በር መዝጋት ነውር ነው። እንግዲህ ተጫዋቾችህ በአንዲት ጎጆ ባደሩበት ሌሊት ከአጥሩ ውጭ እንዲህ የሚል ድምፅ ይሰማ። የቤቱ እናት አትነሣ፤ ልጆቿን ብቻ ወደ ራሷ ትሰብስብ። ጥቂት ቆይቶ ያው ቃል፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ዜማ፣ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ እንኳ ሳይለወጥ፣ ከጓሮ በኩል ይሰማ። «ማን ነህ?» ቢሉት ያንኑ ቃል ይመልስ። ከዚያ አንተ ዝም በል።

መጽሐፉን የሚያውቁት ተጫዋቾችህ ቫምፓየር (ደም መጣጩ ጭራቅ) ከነዋሪው ሳይፈቀድለት ወደ ሰው ቤት እንደማይገባ ያስታውሱ ይሆናል። ያስታውሱ፤ ጥሩ ነው። ምክንያቱም ያኔ የሚፈሩት ጥርሱን ሳይሆን የራሳቸውን ደግነት ነው፤ ውጭ ያለው እውነተኛ እንግዳ ቢሆንስ? ዝናብ ላይ ትተውት ቢያድሩና ጠዋት ሬሳውን ቢያገኙስ? ይህን ጥያቄ የሚፈታ ዳይስ የለም።

ሁለተኛው ነገር ከበድ ይላል። አካባቢያዊ ለማድረግ ብላችሁ ቡዳን ጭራቅ እንዳታደርጉ እለምናችኋለሁ። ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣሉ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩት እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ሸክላ የሠሩልን፣ ማረሻ የቀጠቀጡልን። ሳስተምር ከነዚህ ቤተሰቦች የመጣች ልጅ ምሳዋን ለብቻዋ ስትበላ አይቻለሁ፤ አጠገቧ የሚቀመጥ አልነበረም። ከዚያ እምነት ለመዝናኛ የሚወሰድ ፍርሃት የእርሷ ዕዳ ነው። ጭራቁን ከጉሙ ፍጠሩት፣ ከወንዙ ፍጠሩት፤ ከጎረቤታችሁ አትፍጠሩት።

ሦስተኛ፣ ያ የአጥር ድምፅ እንዲህ በቀላሉ የሚመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር በደሴና በኮምቦልቻ የነበርን ሰዎች ሌሊት በር ላይ የሚሰማ ድምፅ ምን እንደሚያስታውሰን እናውቃለን። ስለዚህ ልጄ፣ ከጨዋታው በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ፣ በሌላው ፊት ሳይሆን፣ «በጨዋታው ውስጥ እንዳይመጣብህ የምትፈልገው ነገር አለ?» ብለህ ጠይቅ። ምክንያቱን አትጠይቅ። ሰው በፈቃዱ የሚፈራው፣ ወደማይፈልገው ቦታ እንደማይወስዱት ሲያምን ነው።


ከጦሳ ሥር፦

እትዬ፣ ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት እሑድ አልፏል፤ የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

አስቀድሜ እንደተመከርኩት ለብቻ ለብቻ ጠየቅኋቸው። ሦስቱ ምንም የለም አሉ። አንደኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ «በር አይደብደብ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። እኔም ድምፁ በር እንዳይነካ ወሰንኩ፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ይጣራል እንጂ አይነካም። ይህ ውሳኔ ነገሩን ያለሰልሰዋል ብዬ ሠግቼ ነበር። ሲመጣ ግን የማይነካ፣ የማይገፋ፣ የማይቸኩል ነገር ሆኖ ከአሰብኩት በላይ ከበደ።

የተቆረጠውን እጅ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ በዝናቡ ጀመርኩ። እንጨታቸው ርሷል፣ የቀራቸው ዘይት ለአንድ ኩራዝ የሚበቃ ነው። ወደ ጎጆዋ ሲገቡ ሴትየዋ ስንት እንደሆኑ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው፤ ለምን እንደምትቆጥር አልተናገረችም፤ እነርሱም ያኔ አልጠየቁም። ከዚያ ድምፁ መጣ። ቃሉን ከመስተዋት ፊት ቆሜ ብዙ ጊዜ ተለማምጄው ስለነበር፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በምንም አልተለየም። ሦስተኛውን ስናገር ያ ቆሎ የሚቆረጥመው ጓደኛችን የዘገነውን ወደ ሳህኑ መለሰው፤ አንድ በአንድ፣ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቀ። የትጥቅ ቁጥር የምትጠይቀኝ ልጅ «አትክፈቱ» አለች፤ በሹክሹክታ። እኛ ክፍል ውስጥ የሚሰማት ሌላ ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ግን በሹክሹክታ አለችው።

ከዚያ ተከራከሩ። ሁለቱ እንክፈት አሉ፤ «እንግዳ ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ሳላነሣው ራሳቸው አነሡት። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል አንድም ዳይስ አልተጣለም፤ ይህ በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ሳይከፍቱ ጊዜው አለቀና ተለያየን። ማታ አንዱ ደውሎልኝ ሴትየዋ ለምን እንደቆጠረቻቸው ጠየቀኝ፤ አልነገርኩትም።

አሁን የቸገረኝ ቀጣዩ ነው። በር መክፈት የፈለጉት ሁለቱ ተስማምተው መልእክት ልከውልኛል፤ በሚቀጥለው እሑድ በሩን ሳይከፍቱ ዳቦ በእንጨት ገበታ ላይ አድርገው በአጥሩ ቀዳዳ ሊያወጡለት አስበዋል። ዳቦውን ይውሰደው ወይስ ይተወው? ከወሰደው ተራ የራበው ሰው እንዳይመስል ፈራሁ፤ ከተወው ደግሞ ሰው አለመሆኑን ያረጋግጡና መሣሪያ ያነሣሉ።


ባለ ሃያ ገጽ፦

ከሁለቱ በአንዱ ከወሰንክ ጥርጣሬው ያልቃል። ግማሹን ይብላ ልል ነበር፤ እርሱም ቢሆን ያው መልስ ነው። እትዬ ምን ይላሉ?


ጡረተኛዋ መምህር፦

ዳቦውን ይውሰደው። ሲነጋ ገበታው ታጥቦ ከበሩ ውስጥ በኩል ተቀምጦ ያግኙት፤ በላዩም ትኩስ ዳቦ ይኑርበት፣ ተቆራርሶ፣ በቤቱ ውስጥ ባሉት ሰዎች ቁጥር ልክ።